ጀልባ ላይ ማቅለሽለሽ፦ መከላከል ይቻላል ወይስ ችሎ ማለፍ ብቻ?

ከቤተሰብ ጋር ለጥቂት ቀናት በባሕር ላይ ልንጓዝ ስለሆነ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ መኪና ውስጥ እንኳ የሚያጥወለውላት የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ሌላው የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው አጎቴ ናቸው። አንድ ወዳጄ ደግሞ የባሕር ሕመም ከፍርሃት የሚመጣ ነው፣ ልቡን ያጠነከረ ሰው አይነካውም ብሎ ደምድሟል። እኔ አላመንኩትም፤ ነገር ግን በምን እንደምረታው አላወቅኩም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅኩ፦ ሕመሙን አስቀድሞ መከላከል ከተቻለ በምን? አንዴ ከጀመረስ ምን ይደረጋል?

ምላሹ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ፤ መሐል ላይም ጠብ ተነሣበት። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚታክተው የተባለውን በየቁጥሩ እየተከተልኩ አስተላልፋለሁ። የማይረባውን እዘላለሁ፤ የራሴን አስተያየትም አልደብቅም።

1ኛው ምላሽ የመጣው ለብዙ ዓመታት በዓሣ አስጋሪ መርከብ ላይ እንደሠራ ከሚናገር ሰው ነው። ሰላምታ አስቀድሞ የወዳጄን ሐሳብ በአንድ ምሳሌ ጣለው። በ1805 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የእንግሊዝን መርከቦች ለድል ያበቃው አድሚራል ኔልሰን ባሕር በተናወጠ ቁጥር ዕድሜ ልኩን ይታመም ነበር፤ እሱን ፈሪ የሚለው ማን ነው ሲል ጠየቀ። ከዚያ ምክንያቱን አስረዳ። በመርከብ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግድግዳውና ጠረጴዛው አብረውት ስለሚንቀሳቀሱ ዓይኑ ምንም ነገር ሲነቃነቅ አያይም። በውስጥ ጆሮው ያሉት ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎችና የስበት ጠቋሚዎቹ ግን እያንዳንዷን መናወጥ ለአንጎል ይነግራሉ። አንጎል የማይታረቁ ሁለት ወሬዎች ደርሰውት ማንን እንደሚያምን ሲቸግረው ጣጣው ሆድ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የሰውየው ምክር ዓይንና ጆሮን ማስታረቅ ነው፦ ወደ ላይኛው ወለል ወጥቶ ፊትን ጀልባው ወደሚሄድበት አዙሮ አድማስን ማየት፣ መጽሐፍና ስልክን ማስቀመጥ፣ ከጭስ መራቅ፣ ከተቻለም በጀልባው ወገብ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ።

2ኛዋ መምህርት ነኝ ባይ ናት። 1ኛውን አመስግና አንድ እርማት ጨመረች፤ ዓይንን ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም፣ ዓይነ ስውራንም በባሕር ሕመም ይያዛሉ አለች። ዋናው ተከሳሽ ጆሮ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1882 መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ሲመረምር ብዙዎቹ ቢሽከረከሩም ራሳቸውን እንደማያዞራቸው ማስተዋሉን አስታወሰች። የውስጥ ጆሮው ሚዛን ጠባቂ ክፍል ፈጽሞ የማይሠራ ሰው ማዕበል ቢያናውጠው እንኳ አይታመምም። ፍርሃት ግን እንደማንኛውም ሰው ይፈራል። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም።

3ኛው፣ የማያዳግመው መድኃኒት ዛፍ ሥር መቀመጥ ነው የሚለውን የመርከበኞች የድሮ ቀልድ ጽፎ ሄደ። ስለ ባሕር በተወራ ቁጥር ይህን የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።

4ኛው ምላሽ የውይይቱ አከርካሪ ነው ብል አላጋነንኩም። ጸሐፊዋ ነርስ ናት፤ ሰዎች የሚሳሳቱት በመድኃኒቱ ዓይነት ሳይሆን በሰዓቱ ነው ብላ ጀመረች። ማቅለሽለሽ ሲጀምር ጨጓራ የያዘውን ወደ አንጀት ማሳለፉን ያዘገያል፤ ያን ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ወይ እዚያው ተኝቶ ይቀራል ወይ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ደም ውስጥ መግባት ያለበት መልሕቅ ከመነሣቱ በፊት ነው። ዝርዝሩን እንዲህ አስቀመጠችው። ዳይመንሃይድሪኔት ከጉዞው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ለአዋቂ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ሲሆን በየ4 እስከ 6 ሰዓት ሊደገም ይችላል፣ በቀን ግን ከ400 ማለፍ የለበትም። ሜክሊዚን ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም አንድ ሰዓት አስቀድሞ ተወስዶ እስከ 24 ሰዓት ያገለግላል። ሲናሪዚን ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ መለጠፍ አለበት፤ እስከ ሦስት ቀን ይሠራል።

ከዚያ ወደ ቤተሰቤ መጣች። ለአጎትዎ ልጥፉንም ሆነ የሚያስተኙትን ክኒኖች ያለ ሐኪም ምክር እንዳይሰጡ አለችኝ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮስቴታቸው ባበጠባቸው ወንዶች ላይ ሽንት ሊዘጉ ይችላሉ። ጠባብ ማዕዘን የሚባለው የግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ዓይነት ያለበት ሰውም እንዲሁ ይጠንቀቅ። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ስኮፖላሚን ግራ መጋባት ሊያመጣ ይችላል፤ ቤተሰብም ነገሩን እርጅና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ልጥፉ ለልጆች አይሆንም። ለልጅቷ የሚሆነውን የክኒን ወይም የሽሮፕ መጠን በዕድሜዋና በክብደቷ የሚወስነው ባለሙያ ነው፤ አንዳንድ ልጆችን ደግሞ በማስተኛት ፋንታ እንደሚያቅበጠብጣቸው አስጠነቀቀች። በመጨረሻም ማንኛውንም መድኃኒት ከጉዞው በፊት በአንድ የዕረፍት ቀን ቤት ውስጥ ሞክሩት አለች፤ ምን ያህል እንደሚያስተኛ የሚታወቀው መሪ ይዘው ሳይሆን አልጋ አጠገብ ሆነው ነው።

5ኛው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣጣለው። መድኃኒት መርዝ ነው፣ ዝንጅብል እያለ ማን ክኒን ይውጣል የሚል ነው። 6ኛውም ደገፈው፤ አያቱ በዝንጅብል ብቻ ውቅያኖስ አቋርጠዋል። 7ኛው ነገሩ ተረት ነው ብሎ ተሳለቀባቸው። 8ኛዋ መምህርቲቱ ናት፤ ተመልሳ መጥታ ሁለቱንም ወገን አሳፈረች። በ1988 በታተመ ጥናት 80 የዴንማርክ ባሕር ኃይል ሠልጣኞች በተናወጠ ባሕር ላይ ግማሾቹ አንድ ግራም የዝንጅብል ዱቄት፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ዱቄት ወሰዱ። ዝንጅብል በወሰዱት ላይ ማስመለስና ቀዝቃዛ ላብ ቀነሰ፤ ማቅለሽለሹና ራስ ማዞሩም የቀነሰ ቢመስልም ልዩነቱ በስሌት ለመተማመን የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ዝንጅብል ተረት አይደለም፣ ተአምርም አይደለም። እኔ ይህን ምላሽ ወደድኩት። አንድ ነገር እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደሚቆም የሚነግር ሰው በእንዲህ ዓይነት ቦታ ብርቅ ነው።

9ኛው ስለ ዳይመንሃይድሪኔት አገኛኘት የሚገርም ታሪክ ጨመረ። በ1947 አሜሪካ ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አንዲት ነፍሰ ጡር ለቆዳ ማሳከክ ይህ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ከዚያ በከተማ ባቡር ስትጓዝ ሁልጊዜ ይይዛት የነበረው ማቅለሽለሽ እንደጠፋላት ለሐኪሞቹ ትነግራቸዋለች። እነሱም ወታደሮች ጭኖ አትላንቲክን በሚያቋርጥ መርከብ ላይ ፈተኑትና እውነቷን ሆኖ ተገኘ። 10ኛው የጠየቀው ነገር የብዙዎቻችን ጥያቄ ይመስለኛል፦ ለአለርጂ የምወስደው የማያስተኛ ክኒን አለኝ፣ እሱስ አይበቃም ወይ? ነርሷ በ11ኛው መለሰችለት። አይበቃም። እንደ ሎራታዲንና ሴቲሪዚን ያሉት አዳዲሶቹ የአለርጂ ክኒኖች የማያስተኙት ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይዘልቁ ነው፤ የባሕር ሕመምን የማያግዱትም በዚያው ምክንያት ነው። ለካንሰር ሕክምና ማስመለስ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮንም ይህን ሕመም በመከላከል ረገድ ብዙ አልረዳም። ማስተኛቱ ጭራሽ የማይቀር ዕዳ ነው ማለቷ ግን አይደለም፤ ሜክሊዚን ብዙዎችን ፕሮሜታዚን ከሚባለው ሌላ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ያነሰ ያስተኛል።

12ኛዋ ማቅለሽለሽ ይከላከላል ስለሚባለው የእጅ አምባር ጠየቀች፤ ከመዳፍ መታጠፊያ ሦስት ጣት ያህል ወደ ክርን ገባ ብሎ በሁለቱ ጅማቶች መካከል የሚጫነውን ማለቷ ነው። የጥናቶቹ ውጤት የተደበላለቀ ነው፣ ጉዳት ግን የለውም የሚል መልስ ተሰጣትና ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

ከ13ኛው ጀምሮ ወሬው ወደ ጀልባው ራሱ ዞረ። አንዲት ሴት የደረሰባትን ተረከች። የተሰጣት መኝታ በጀልባው አፍንጫ ላይ ነበር። እንዳያስመልሳት ፈርታ ምንም ሳትበላ ተሳፈረች፤ ሌሊቱን ስትነሣና ስትወድቅ አደረች፤ የሚወጣ ነገር በሌለበት ሆድ ማስመለስ ምን ያህል እንደሚያሠቃይ የቀመሰው ያውቀዋል። የእሷ ምክር ባዶ ሆድም ጥጋብም ክፉ መሆናቸው ነው፤ ቅባት የሌለበት ትንሽ ምግብ በልቶ መሳፈር ይሻላል። በዋዜማው አልኮል ጠጥቶ የተሳፈረ ጓደኛዋ ከእሷም ብሶ ነበር።

14ኛው፣ መርከብ ነዳፊ መሐንዲስ ይመስላል፣ ለምን እንዲያ እንደሆነች በቁጥር አስረዳት። ጀልባ ማዕበል ሲወጣና ሲወርድ መሐሉ ላይ ተደግፎ ጫፍና ጫፉ እንደሚወዛወዝ ግንድ ይሆናል፤ ወገቡ ትንሽ ይነቃነቃል፣ አፍንጫውና ጅራቱ ግን ብዙ ይነሣሉ ይወድቃሉ። ሰውን ይበልጥ የሚያሳምመው ግራና ቀኝ ማዘንበሉ ሳይሆን ይህ መነሣትና መውደቅ ነው፤ ያውም ቀርፋፋው። በሰከንድ 0.2 ዙር አካባቢ፣ ማለትም በአምስት ሰከንድ አንድ ጊዜ የሚመላለሰው እንቅስቃሴ ከሁሉ የከፋ ነው። ስለዚህ ጀልባዋን ቶሎ ቶሎ የምታንገጫግጭ አጭር ሞገድ አጥንት ታደክማለች እንጂ ከሩቅ ማዕበል የሚመጣው ዝግ ያለ ረጅም ሞገድ የሚያደርሰውን ያህል ሆድ አትገለብጥም። ትልልቅ መርከቦች ከጎናቸው የሚያወጧቸው ማረጋጊያ ክንፎችም ማዘንበልን ይቀንሳሉ፤ መነሣትና መውደቅን ግን አያስቀሩም። እኔ ይህን እስካነብ ድረስ ጸጥ ያለ የሚመስለው ባሕር ለምን እንደሚያሳምም አላውቅም ነበር።

ከ15ኛው እስከ 19ኛው ያለውን ባታነቡት አይጎዳችሁም። ሁለት ሰዎች ባለ ሁለት ቀፎው ካታማራን ይሻላል ወይስ ባለ አንድ ቀፎው ጀልባ በሚል ተያያዙ። ከጭቅጭቁ የሚወጣው ፍሬ ይህ ብቻ ነው፦ ካታማራን እንደ ሌላው አይዘነብልም፣ እንቅስቃሴው ግን ቆረጥ ቆረጥ ያለ ነው፤ አንዱን ሰው የሚያድነው ሌላውን ያሳምማል። የቀረው ስለ ሸራና ስለ ዋጋ ነው።

20ኛው ምላሽ ላይ የወዳጄ መንፈስ ያደረበት ሰው ገባ። እሱ ታሞ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚታመሙት ደካሞች ናቸው። መምህርቲቱን ስሟን ጠርቶ በመጽሐፍ ባሕር አይታወቅም አላት። እስከዚያ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ነበር፤ ከእሱ በኋላ አንቱታው ቀረ። 21ኛው አንተ ብሎ ጀመረና መርከብ ላይ ስንት ሰዓት ቆይተህ ነው የምታወራው ሲል አፋጠጠው። 22ኛው ደግሞ በግል ሕይወቱ ገባ፤ ያንን አልደግመውም።

23ኛው ጡረታ የወጣ ካፒቴን ነው፤ ቁጣው ግን እንደ ሌሎቹ በስድብ አልወጣም። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት በመርከቦች ላይ በሚገኝ የነፍስ አድን ታንኳ ውስጥ ቢያንስ ለ48 ሰዓት የሚበቃ የባሕር ሕመም መድኃኒትና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የማስመለሻ ከረጢት መኖር አለበት አለ። ይህ ለምን ይመስልሃል ብሎ ጠየቀው። የተዘጋ ታንኳ ውስጥ፣ አድማስ በማይታይበት፣ ማዕበል እንደ ፈለገ በሚወረውረው ጎማ ላይ ታሞ የማያውቅ መርከበኛም ያስመልሳል፤ ያስመለሰ ሰው ውኃ ያጣል፣ ይበርደዋል፣ ለመኖር የሚያደርገውን ትግል ይተዋል። ሕመሙ ያልያዘው ሰው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን የሚያሳምመው ባሕር ገና ስላላገኘው ነው ሲል ደመደመ። 20ኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ይሁንና 24ኛዋ፣ ሁሉም ሰውየውን ረገጥነው ብሎ በተደሰተበት ሰዓት፣ ከተናገረው ውስጥ አንዲት ፍሬ ለቅማ አወጣች። በ1995 በታተመ የእስራኤል ባሕር ኃይል ዕጩ መኮንኖች ጥናት፣ በባሕር ሕመም የመያዝ ዕድላችሁ አነስተኛ ነው፣ ቢይዛችሁም ሥራችሁን መሥራት ትችላላችሁ የተባሉት ካልተባሉት ያነሰ መታመማቸውን ተናግረዋል፤ የሥራ ውጤታቸውም የተሻለ ነበር። ሐሳብ ሕመሙን አይፈጥረውም፣ ግን ሊያባብሰውና ሊያቀልለው ይችላል። ለልጅቷ በየአምስት ደቂቃው አመመሽ ወይ እያላችሁ አትጠይቋት ስትል ጨመረች። ለወዳጄ ያስተላለፍኩለት ይህን ምላሽ ነው፤ ግማሽ ድል ስለሆነለት ደስ አለው።

25ኛው ስለ ጠፈር አነሣ። በ1961 ምድርን የዞረው ሶቪየታዊው ጌርማን ቲቶቭ በጠፈር ውስጥ በዚህ ዓይነት ሕመም የተያዘ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ማዕበል በሌለበት፣ የስበት ጠቋሚዎቹ የሚጠቁሙት በጠፋበት። ከርዕስ ቢወጣም ለ2ኛዋ ክርክር ጥሩ ምስክር ነው። 26ኛው ውሻዬን ይዤ ልሳፈር ነው፣ እሱስ? አለ። ውሾችም ይታመማሉ፣ የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ፣ የራስህን ክኒን አትስጠው ተባለ።

የሁለተኛው ጥያቄዬ መልስ የመጣው በ27ኛው ነው። ጸሐፊው ሰዎችን በጀልባ እየያዘ የሚወጣ አስጎብኚ ነው፤ ሕመሙን ከማስመለስ በፊት ማየት ይቻላል አለ። ሲያወራ የነበረ ሰው ዝም ይላል፤ ያዛጋል፤ ከንፈሩ ዙሪያ ይገረጣል፤ ምራቁ ይበዛል፤ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል። ያን ጊዜ ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት ማውጣትና አድማስ እንዲያይ ማድረግ፣ ከቻለም መሪውን ማስያዝ ነው። መሪ የያዘ ሰው ጀልባዋ ወዴት እንደምትዘነብል ቀድሞ ስለሚያውቅ አንጎሉ አይታለልም። በእርጋታ በልክ እየተነፈሱ ትንፋሽን መቁጠርም እንደሚረዳ ተናገረ። ካልሆነለት በጀልባዋ መሐል በጀርባው ይተኛ፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ራሱ እንዳይንከባለል በትራስ ይደገፍ። ሰዎች አፍረው ወደ መጸዳጃ ቤት ገብተው ይቆልፋሉ፤ ከዚያ የባሰ ቦታ የለም፣ አየር የለውም፣ መስኮት የለውም። ማስመለስ ከመጣ በባልዲ ወይም በከረጢት ይሁን፤ ወደ ባሕር ከሆነም ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ነው፣ አለዚያ ጣጣው ወደ ራስና ወደ ጎረቤት ይመለሳል። ሌሊት ግን ማንም ብቻውን በጀልባው ጠርዝ ላይ ማጎንበስ የለበትም። ሰው ከጀልባ የሚወድቀው ደክሞ፣ ራሱን አዙሮት፣ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬቱ ይለበስ፣ ማሰሪያው ይታሰር፣ አንድ ሰው ይያዘው። ከዚያ ውኃ በጉንጭ በጉንጭ፣ ብዙ ካስመለሰም ጨውና ስኳር ያለበትን የተቅማጥ ጊዜ ዱቄት በጥብጦ መስጠት ነው። በአንድ ጊዜ ሙሉ ብርጭቆ የጠጣ ሰው መልሶ ያወጣዋል። ውኃ ጭራሽ አልቀመጥ ያለው፣ ሽንቱ የቀነሰ ወይም የተምታታበት ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይደርቃሉ።

28ኛው ሌሊት አድማስ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ፤ ልክ ነው። መልሱ የባሕር ዳርቻ መብራት ወይም ኮከብ ከታየ እሱን ማየት፣ ካልታየ ዓይን ጨፍኖ መተኛት ነው። 1ኛው ሰውም በ29ኛው ተመልሶ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ያልኩት ዓይን ለሚጨፍን ሰው ነው፣ ዓይኑን ገልጦ የሚቀመጥ ግን ወደ ላይ ይውጣ ሲል የራሱን ምክር አጠራ።

በ30ኛው ላይ አንዱ እስከ መቼ ነው የምንሠቃየው አለ። ብዙ ሰው ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ ይለምደዋል፤ ባሕሩ ሲብስ ወይም ጀልባው ሲቀየር ግን ልምዱ ሊፈርስ ይችላል። ሁሉም ሰው ይለምዳል ብሎ ተስፋ የሰጠውን ሰው 31ኛው በዳርዊን መለሰው። ቻርልስ ዳርዊን ከ1831 እስከ 1836 በቢግል መርከብ ሲዞር ሕመሙ አልለቀቀውም፤ በጉዞው መጀመሪያ ሆዱ የሚቀበልለት ዘቢብ ብቻ እንደነበር ለአባቱ ጽፏል። የብስ ላይ ረጅም ጊዜ ማሳለፉ ለሳይንስ ጠቀመ የሚል ቀልድም ተከተለ።

32ኛው ልጥፉ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ለልጅቷ ቢለጠፍስ የሚል ምክር ሰጠ። ነርሷ በ33ኛው፣ ከጅምሩ እስከዚህ ድረስ ያልሰማናትን ቁጣ ተቆጣች። ልጥፉ አይቆረጥም፣ ለልጅ አይሰጥም፣ ይህን ደግሞ በ4ኛው ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሳታነቡ አትምከሩ አለች። ልጥፉን የነካ እጅ ሳይታጠብ ዓይን ከነካ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ እይታም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሲለጠፍም ሲነሣም እጅ ይታጠባል። የተነሣው ልጥፍ ውስጡ መድኃኒት ስለሚቀርበት የሚጣበቀው ጎኑ ወደ ውስጥ ታጥፎ ልጅም እንስሳም በማይደርስበት ይጣላል።

34ኛው ከጉዞ በኋላ ወለሉ የሚወዛወዝ ስለሚመስለው ነገር ጠየቀ። የብስ ላይ የሚሰማው ይህ መወዛወዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን እንደሚጠፋ፣ አልፎ አልፎ ግን ለወራት የሚቆይባቸው ሰዎች እንዳሉና እነሱ ሐኪም ማየት እንዳለባቸው ተነገረው። ነርሷ እዚህም አንድ ነገር አስታወሰች፦ ልጥፉን ለብዙ ቀናት ለጥፎ ያነሣ ሰው ከአንድ ቀን በኋላ ራሱን ሊያዞረውና ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ ይህ የመድኃኒቱ መቋረጥ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ልጥፉን መቼ እንዳነሣው ይናገር።